የሰቆጣ ሻይ ከየት ይመጣል?

ሰቆጣ ሲገቡ ከምግብም ከአልጋም በፊት የሚያምርዎ ሻይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። ከወልድያ በላሊበላ በኩል ቢመጡም፣ በቆቦ አድርገው በኮረም በኩል ቢዞሩም፣ መኪናው ተራራ ሲወጣና ገደል ሲወርድ ውሎ ነው የሚያደርስዎ። አቧራው ጉሮሮዎ ላይ ተቀምጧል። ከአንዱ ሻይ ቤት ገብተው ዱካ ላይ አረፍ ይላሉ። በራዱ ከሰል ላይ ነው፤ የቅርንፉዱና የቀረፋው ሽታ ገና ከበሩ ይቀበልዎታል። “እንኳን ደኅና መጡ! ስኳሩ ይብዛልዎ ይነስልዎ?” ትላለች አሳላፊዋ። ትኩሱን ብርጭቆ በጣቶችዎ ጫፍ ይይዙና ፉት ይላሉ። ድካሙ ቀስ እያለ ይለቅዎታል።

አሁን ዙሪያውን ይመልከቱ። ከተማዋ በድንጋያማ ኮረብቶች መሐል ነው የተቀመጠችው። ከወዲያ እርከን የተሠራለት ማሳ፣ ከወዲህ ግራርና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ወደ ተከዜ የሚወርደው ጥልቅ ሸለቆ ይታያል። የሻይ ተክል ግን በዓይንዎ ቢፈልጉ አያገኙም። በሰቆጣ ብቻ ሳይሆን በመላው ዋግ ኽምራ የሻይ እርሻ የለም። ብርጭቆዎ ውስጥ ያለው ቅጠል ከእርስዎ የበለጠ መንገድ ተጉዟል፤ የመጣው ከአገሪቱ ሌላኛ ጥግ፣ ከደቡብ ምዕራብ ነው።

ለምን ይሆን? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን መልሱን ፍለጋ ቢነሱ ስለ ሻይ ብቻ አውቀው አይመለሱም፤ ዋግንም በሌላ ዓይን ያዩታል።

ከፍታው አንድ፣ ዝናቡ ሌላ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገምተው ከፍታውን ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለሻይ እንግዳ አይደለም። በኬንያ የታወቀው የኬሪቾ የሻይ አገር በዚሁ ከፍታ ዙሪያ ነው፤ የሕንዱ ዳርጂሊንግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእኛው አገር በካፋ የሚገኘው የውሽውሽ የሻይ እርሻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንዲያውም ደጋ ላይ ቀስ ብሎ ያደገ ቅጠል ጣዕሙ የተሻለ ነው ይባላል።

ከምድር ወገብ መራቅም ምክንያት አይሆንም። ቱርኮች ሻይ የሚያለሙት ከእኛ ወደ ሰሜን እጅግ ርቀው፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በሪዜ ነው። ክረምታቸው በረዶ ያያል፤ ግን ዝናባቸው ዓመቱን ሙሉ አይነጥፍም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሻይ የሚበላው ክፍሉ ፍሬው አይደለም፤ ለጋ ቅጠሉ ነው። ገብስና ጤፍ በሦስት በአራት ወር ዝናብ አድገው፣ አፍርተው፣ በበጋው ደርቀው ይታጨዳሉ። ለእነሱ መድረቅ የጉዟቸው ማብቂያ እንጂ ጉዳት አይደለም። ሻይ ግን ያለማቋረጥ ማጎንቆል አለበት። ጫፉ ላይ የሚወጡት ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀጠፋሉ፤ ተክሉም እንደገና ያወጣል። እንዲህ ለመቀጠል በዓመት ቢያንስ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይፈልጋል፤ ያም ዝናብ በወራቱ ላይ የተበተነ መሆን አለበት። ደረቁ ወቅት ከሦስት ወር ሲያልፍ ተክሉ ማጎንቆል ያቆማል፤ ሲብስም ይሞታል።

ውሽውሽ በዓመት 1,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጎሬማ ከአገራችን ዝናባማ ከተሞች አንዷ ናት። ዋግ በአንጻሩ በጥሩ ዓመት እንኳ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢያገኝ ነው፤ አብዛኛውም በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል። ዝናብ አምጪው እርጥብ አየር ወደ አገራችን የሚገባው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ ክረምቱ ሲያበቃም ከሰሜን ጀምሮ ይሸሻል። ስለዚህ ካፋና ኢሉባቦር ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሲዘንብላቸው፣ ዋግ ዘግይቶ የመጣውን ዝናብ ቀድሞ ይሸኘዋል።

አፈሩም የዝናቡ ልጅ ነው። ብዙ ዝናብ የሚወርድበት መሬት ዘመን በቆጠረ ቁጥር ኖራው እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ለገብስ፣ ለስንዴና ለባቄላ አራሽ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ መሬቱን ለማከም ኖራ ገዝቶ ይበትናል። ሻይ ግን የሚፈልገው ይህንኑ አሲዳማ አፈር ነው፤ ጥልቅና ውኃ የማያቁር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይስማማዋል። እንደ ዋግ ባለ ደረቅ አገር አፈሩ ያን ያህል አልታጠበም። ተዳፋቱም ለብዙ ዘመን ስለተሸረሸረ ብዙ ቦታ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው።

“የተከዜ ውኃ አለ አይደል?” ይሉ ይሆናል። አለ። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ ውኃው እስከ ዋግ ወረዳዎች ድረስ ተኝቷል። ነገር ግን ሐይቁ ያለው በሞቃቱ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። ያን ውኃ ለሻይ ሲሉ ወደ ደጋው ማውጣት ከቅጠሉ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ለምለሙ ወቅት በዓል የሆነበት አገር

ወደ ዋግ የሚሄዱት በነሐሴ አጋማሽ ከሆነ ሌላ አገር የገቡ ይመስልዎታል። ኮረብታው ሁሉ ለምልሟል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ በባህል ልብስ አጊጠው፣ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። በዓሉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሣር ነው። ከበሮው፣ ዘፈኑና ጭፈራው ለቀናት ይቀጥላል።

የሻደይን ትርጉም ከዝናቡ ጋር ሲያስተያዩት ይበልጥ ይገባዎታል። ለምለም ነገር ዓመቱን ሙሉ በማይገኝበት አገር፣ ሣር የሚታጠቀው በበዓል ቀን ነው። በውሽውሽ በጥር ወርም አረንጓዴ ያያሉ፤ በዋግ ጥር ላይ መሬቱ ቡናማ ነው። ሻይ ለዋግ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዋግ ሰው ጥቂቱን ወቅት ጠብቆ ማረስን፣ መሰብሰብንና ማመስገንን ተምሯል።

ወደ ቅጠሉ አገር

አሁን በሐሳብ ከሰቆጣ ተነስተው ቅጠሉ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይከተሉ። አዲስ አበባ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ፣ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቦንጋ በሚዛን መንገድ ጥቂት እንደሄዱ ውሽውሽ ይመጣል። ከሰቆጣ ሲቆጠር በጠቅላላው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ኢትዮጵያን ከሞላ ጎደል ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው አቋርጠዋል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የሚገርምዎ የማሳው ቅርጽ ነው። ተክሉ እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ከፍ ብሎ፣ አናቱ በመቀስ እንደተስተካከለ ፀጉር ተደላድሎ፣ ኮረብታውን ምንጣፍ አስመስሎታል። ሻይ በተፈጥሮው እንዲህ አጭር አይደለም፤ ቢተዉት ረጅም ዛፍ ይሆናል። የሚከረከመው ለቃሚ እጅ እንዲደርስበትና ጉልበቱን ሁሉ ለጋ ቅጠል በማውጣት ላይ እንዲያውል ነው። በአግባቡ ከተያዘ አንድ ተክል ከ50 ዓመት በላይ ይሰጣል።

በአገራችን ሻይ የጀመረው ግን ውሽውሽ አይደለም። የመጀመሪያው እርሻ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በጎሬ አቅራቢያ በጉመሮ የተተከለው ነው። በዚያ ዘመን ጎሬ የቡና ንግድ የደራባትና የውጭ አገር ቆንስላ የነበረባት ከተማ ነበረች። ውሽውሽ በሰፊው የለማው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ሁለቱም በመንግሥት እጅ ቆይተው በኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛውረዋል። ዛሬ በሸካም ሻይ አለ፤ በኦሮሚያ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ለገበሬዎች ጭምር ችግኝ እየተከፋፈለ ነው።

ፋብሪካው ለምን እርሻው መሐል እንደተሠራም ልብ ይበሉ። ቡና ደርቆ በጆንያ ወራት ይቆያል። የሻይ ቅጠል ግን ከተቀጠፈ ጀምሮ ይለወጣል፤ በዚያው ቀን ፋብሪካ ካልደረሰ ይበላሻል። ውኃው ተንኖ እስኪጠወልግ ይሰጣል፤ ይፈጫል ወይም ይታሻል፤ አየር አግኝቶ መልኩ ወደ ቀይ ቡናማ እስኪለወጥ ይቆያል፤ በመጨረሻም በሙቀት ይደርቃል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። ለማድረቂያው እንጨት ስለሚነድም ከሻይ እርሻ አጠገብ የባሕር ዛፍ ተክል ማየት የተለመደ ነው።

ሻይ ሰውንም ያንቀሳቅሳል

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይከተላል። ሻይ በየጓሮው እንደ ጌሾ ተተክሎ የሚተው አይደለም። ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ ሰፊ ማሳ ይፈልጋል፤ ማሳው ደግሞ በየሳምንቱ የሚለቅም ብዙ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የሻይ ታሪክ በየትም አገር የሰው መንቀሳቀስ ታሪክ ነው።

በስሪላንካ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በሲሎን፣ ጀምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1867 ሻይ ለንግድ ተከለ። ብዙም ሳይቆይ የቅጠል ዋግ በሽታ የደሴቲቱን ቡና አወደመውና ኮረብታው ሁሉ ወደ ሻይ ዞረ። ለቃሚዎቹ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች ነበሩ፤ ልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ በዚያው ናቸው። በኬሪቾ ደግሞ ለእንግሊዞች እርሻ ሲባል የኪፕሲጊስ ሰዎች ከመሬታቸው ተነስተዋል፤ የካሳ ጥያቄያቸው ዛሬም አልበረደም። ኬንያ ከነፃነት በኋላ ሌላ መንገድ ሞክራለች፤ ትንንሽ ገበሬዎች በየማሳቸው እያለሙ ቅጠሉን ለጋራ ፋብሪካ ያስረክባሉ። ዛሬ ከአገሪቱ ሻይ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከእነዚህ ገበሬዎች ነው።

ወደ ውሽውሽም ከከምባታ፣ ከወላይታና ከዳውሮ ለሥራ የመጡ ብዙዎች ናቸው። ካፋ ራሱ የቡና መገኛ ነው፤ ጫካው ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው ጥብቅ የተፈጥሮ ሀብት ነው። አንድ ማሳ በተስፋፋ ቁጥር “ከጫካው ምን ያህል ይነካል?” የሚለው ጥያቄ አብሮ የሚነሳው ለዚህ ነው።

የዋግ ሰውም በዚያ መንገድ ሄዷል። ለሻይ ግን አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር። ዝናቡ ቀረ፤ ጦርነቱም ነበረ። ቤተሰብ ተሸክሞ ኮረም የእርዳታ ጣቢያ የወረደ የዋግ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። የዚያን ጊዜው መንግሥት “ዝናብ ወዳለበት” ብሎ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አነሳ። ካሰፈረባቸው አገሮች ውስጥ ኢሉባቦርና ከፋ ይገኙበታል፤ የሻይ ቅጠሉ አገር ማለት ነው። ወዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የተጫነም ብዙ ነበር። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ። ደጋ የለመደው ሰው በማያውቀው ወባ አለቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች በእግርም በመኪናም ተመለሱ፤ የቀሩት በዚያው ወልደው ከብደዋል።

የዝናቡ ካርታ ስለ ሻይ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እዚያ ዝናብ አለ፣ እዚህ የለም፣ ሰውን ወደዚያ መውሰድ ነው። ሰው ግን ችግኝ አይደለም። ዝናብ ያለበት መሬትም ባዶ አልነበረም፤ ጫካውን የሚያውቅና የሚኖርበት ባለቤት ነበረው። አንድን አገር “ምን የለውም?” ብለን ብቻ ስንጠይቅ የምንደርስበት መልስ እንዲህ ያለ ይሆናል።

ታዲያ ዋግ ምን አለው?

ጥያቄውን ገልብጠው ይጠይቁ። ዋግ ያለውን ደግሞ ውሽውሽ የለውም።

በመጀመሪያ ማሩ። ክረምቱ እንዳለፈ ኮረብታው ያብባል፤ ንቦቹም በዚያች አጭር ወቅት ተሻምተው ይሠራሉ። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የሰቆጣ ነጭ ማር በአገር የታወቀ ነው። የተሸረሸረ ተራራ ከከብት ንክኪ ተከልሎ ሲያገግም መጀመሪያ ከሚጠቀሙት አንዱ ንብ አናቢው ነው፤ ስለዚህ ማሩ ለመሬቱም ጠበቃ ሆኗል።

ሁለተኛ ፍየሉ። የአበርገሌ ፍየል ቁጥቋጦ በልቶ፣ ገደል ወጥቶ፣ ሙቀትና የውኃ ጥማት ችሎ የሚኖር ዝርያ ነው። ሥጋውን የቀመሰ ያውቀዋል። ሦስተኛ ዓሣው፤ የተከዜ ግድብ ሐይቅ ከተሞላ ወዲህ በዳርቻው ያሉ ወጣቶች በዓሣ ማስገር ሥራ ተሰማርተዋል። በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ባለው ዝናብ የሚደርስ እህልና ለአገሩ የሚስማማ ከብት መፈለግ።

ሻዩና ልጆችዎ

ሰቆጣ የሚለው ስም ለወላጆች ሌላም ነገር ያስታውሳል። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ዓላማው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። ሥራው የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው።

ከብርጭቆዎ ጋር ምን አገናኘው? በሻይ ውስጥ ያለው አፍ የሚያጨማድድ ንጥረ ነገር ከጤፍ፣ ከባቄላና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። በየቤታችን ሕፃን ልጅን ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላት የተለመደ ነው፤ ሆዱ ይሞላል፣ ብረቱን ግን ያጣል። ስለዚህ፦

• ለትንንሽ ልጆች ሻይ አይስጡ፤ በምትኩ ወተት ወይም ንጹሕ ውኃ ይሁን።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም ማነስ ካለብዎ ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሳልፉ።
• ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም መጨመር ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል።

ለመሄድ ካሰቡ

ጭፈራውን ለማየት ነሐሴ 16 ሳይደርስ ሰቆጣ ይግቡ፤ ማሩን ከፈለጉ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። አካባቢው በቅርብ ዓመታት ጦርነት አይቷል፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማዋ የተጠለሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። ከከተማው ብዙም ሳይርቁ ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሳያዩ አይመለሱ። በገበያ ቀን ቢወጡ ደግሞ ኽምጣና ቋንቋ ሲነገር ይሰማሉ፤ ከዛግዌ ነገሥታት ጋር የሚተሳሰረው የአገው ሕዝብ ቋንቋ ነው።

እንግዳ ሆነው ሰው ቤት የሚገቡ ከሆነ አንድ እሽግ ሻይ ቅጠልና አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው ይግቡ፤ ሁለቱም ሩቅ መንገድ መጥተው የሚሸጡ ናቸውና እናቶች ይመርቁዎታል። ሲመለሱ ነጭ ማር ገዝተው ይያዙ። ቤትዎ ደርሰው በራዱን ሲጥዱ አንድ ቀን ስኳሩን ይተዉትና በማሩ ይሞክሩት። ከካፋ የመጣው ቅጠልና ከዋግ የተቆረጠው ማር አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይገናኛሉ።